በቦሊቪያ ዞሮ የመጣ ጥሪ

የተበደልኩት ይህ ነው። አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል፣ ማዳሜ እህቶቿን ሰብስባ በተቀመጠችበት «ይቺ ሴት ቤቴን እየቀረጸች ለማላውቀው ሰው ታሳያለች» አለች። አልቀረጽኩም። ለማንም አላሳየሁም። ሳዑዲ፣ ደማም ከገባሁ ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ፎቶ አንስቼ አላውቅም፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ። የሰው ገመና ታወጣለች መባል በዚህ አገር ለምትሠራ ሴት ከሌብነት የከፋ ስም ነው። የሰረቀች ዕቃውን ትመልሳለች። ገመና አወጣሽ የተባለች ምን ትመልሳለች?

እኔ ባደግሁበት በወሎ ሽማግሌዎች ለፍርድ ሲቀመጡ አንድ ደንብ አላቸው። ሰውን ገበያ መሀል የሰደበ ሰው ጓዳ ገብቶ ይቅርታ ጠይቆ አይገላገልም። በገበያው ቀን፣ እዚያው ቦታ፣ የሰሙት ሰዎች ባሉበት ቃሉን ያነሳል። ካሳ ቢኖርም ባይኖርም ቃሉ ይነሳል። እኔም ከማዳሜ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።

ነገሩ የመጣው በልጄ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። እናቷ ገበያ ስትውል እኔ ጋ እየዋለች ነው ያደገችው፤ ስለዚህ በእሷና በእኔ መካከል ማንም ያላስተማረን የእጅ ንግግር አለ። እኔን ስትጠራኝ ሁለት ጣቷን አገጯ ሥር ታደርጋለች፤ የሻሼን ቋጠሮ ማለቷ ነው። ደማምን ለማለት በመዳፏ ፊቷን ታራግባለች፤ ሙቀቱን ስለነገርኳት። ማዳሜን ለማለት ደግሞ አንድ እጇን በሌላው ክንዷ ላይ ወደ ላይ ትገፋለች። ማዳሜ ስታስብም ስትቆጣም አምባሮቿን ከእጅ አንጓዋ ወደ ክርኗ ነው የምትገፋው፤ እኔ ነኝ ያሳየኋት።

ሰዎች «ለልጅቷ ደወልሽላት ወይ?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልደውልላት? የእኔ ድምፅ ለእሷ የለም። ለእሷ የምኖረው ምስሌ ሲታያት ብቻ ነው። እናቷ ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን በእጇ «ብይ»፣ «ነይ»፣ «ተይ» ከማለት አታልፍም። ረዘም ያለ ነገር ለልጅቷ የሚነግራት ከእኔ ሌላ ሰው የለም።

የምስል ጥሪ ደግሞ እዚህ አገር እንደ ዕድል ነው። እኛ ስልካችን ላይ በምንጠቀምበት መተግበሪያ ጽሑፉ ይሄዳል፣ ፎቶው ይሄዳል። ጥሪው ግን አንድ ቀን ከሠራ ሌላ ቀን ይዞር ይዞርና ይጠፋል። ለዚህ ነው የአገራችን ሴቶች ሁሉ ስልካቸው ላይ ቪፒኤን የሚያስጭኑት። ለእኔ እንደገባኝ ቪፒኤን ማለት ስልኩ ጥሪውን በቀጥታ ከመላክ ይልቅ ሸፍኖ በሌላ አገር በኩል የሚያሳልፍበት ነው። መንገድ ላይ ቆሞ የሚከለክለው፣ ምን እንደሆነ ስለማይታየው ያሳልፈዋል።

የእኔን ከደማም አጠገብ ኾበር ከተማ ያለ የስልክ ሱቅ ውስጥ ነው የጫኑልኝ። ሻጩ ሰው ችኩል ነበር። ትልቁን ክብ አሳየኝና «ይህን ትነኪዋለሽ፣ አረንጓዴ ሲሆን ትደውያለሽ። አገር ግን አንቺ ምረጪ» ብሎኝ ወደ ሌላ ሰው ዞረ። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ አላውቅም። ከየስሙ ጎን ግን ባንዲራ አለ። የምደውለው ኮምቦልቻ፤ ታዲያ ከኢትዮጵያ ሌላ ምን እመርጣለሁ? በጣቴ እየገፋሁ ወረድኩ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሳገኝ ቆምኩ። እርግጥ ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ነበር። መሀሉ ላይ ምልክት አለበት። ስልኩ ገልብጦት ነው አልኩ፤ ፊቴንስ ቢሆን ግራውን ቀኝ አድርጎ አይደል የሚያሳየኝ? ነካሁት። ክቡ አረንጓዴ ሆነ፤ ከስልኩ አናት ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ብቅ አለች። አልሐምዱሊላህ ብዬ ከሱቁ ወጣሁ።

ጥሪው ገባ። ልጅቷን አየኋት። ግን ምስሉ ይዘገያል። እጇ አየር ላይ ይቀርና ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ይገኛል። የሚሰማ ሰው ቢሆን «ምን አልሽ? ድገሚው» ይባባላል። በእጅ ስትነጋገሪ ግን ግማሽ የተቆረጠ እጅ ሌላ ቃል ነው። እንደዚያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ ስንታገል ከረምን፤ የኮምቦልቻ ኔት ነው እያልኩ ኮምቦልቻን ስረግም።

ያን ሰሞን ለልጅቷ ደሴ ትምህርት ቤት ተገኘላት፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች በአንድ ላይ የሚማሩበት። ዘመድ ቤት እያደረች ትማራለች ተባለ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። እሷ ግን ልብሷ በሻንጣ ሲታጠፍ አይታ ሌላ ነገር ገባት። የሚጥሏት መሰላት። እናቷ ሲቸግራት «እናቴ፣ አንቺ ንገሪያት» አለችኝ።

ደወልኩ። ገና ሰላምታ ላይ ነን፤ ልጅቷ «ምሳ በላሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት፤ ጭንቅላቴን ወደ ታች ነቅንቄ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። እሷ ግን ያን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ጠይቃለች፤ እኔ ጋ ገና አልደረሰም። ሲደርስ አየሁት፤ ሻንጣውን ጠቆመች፣ ራሷን ጠቆመች፣ በእጇ የሆነ ነገር ወደ ውጭ ወረወረች። «ሊጥሉኝ ነው?» ማለቷ ነው። የእኔ «አዎ» የደረሳት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው። ፊቷ እንዴት እንደወደቀ አየሁ። «አይደለም! አይደለም!» እያልኩ እጄን ሳወናጭፍ ምስሉ ቆመ። ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ልጄ በተራ ስልክ ደወለችና አለቀሰችብኝ። «ምን አልሻት? አያቴም አዎ ብላኛለች እያለች ነው። ምግብ አልቀመስ አለች። ስልኩን ሳሳያት ጀርባዋን ትሰጠኛለች።»

ከዚያ በኋላ ባገኘሁት ክፍት ሰዓት ሁሉ ወጥ ቤት ገብቼ ስልኩን የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፌ እደውላለሁ። ልጄ ስልኩን ወደ ልጅቷ ታዞራለች፤ የሚታየኝ ጀርባዋና የጸጉሯ ሹሩባ ነው። እኔም «እዪኝ፣ ዙሪ፣ እዪኝ» እያልኩ በሁለት እጄ እጣራለሁ። ድምፅ የለም፤ እጅ ብቻ።

አንድ ቀን ዘወር ስል ማዳሜ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ያየችው ሠራተኛዋ ስልኳን ወደ ሳሎኑ በር አቅጣጫ አቁማ ሳትናገር እጇን ስታወናጭፍ ነው። አምባሮቿን ወደ ላይ ገፋችና ሄደች።

ዓርብ ዕለት ያን ነገር ተናገረች። ከእህቶቿ አንዷ ስልኬን ከወጥ ቤት አስመጣችና አገላበጠችው። የቁልፏን ምልክት አየች። «ይኸው! ቪፒኤን አላት! የምታደርገውን የምትደብቀው በዚህ ነው!» ብላ ለሁሉም አሳየች። ሴቶቹ ዓባያቸውን ሰበሰቡ፤ እኔ ከዚያ በፊት ገላቸውን የማላውቅ ይመስል።

የሰላጣውን ትሪ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። «ማዳም፣ ይቺ ቁልፍ የልጅሽም ስልክ ላይ አለች። ቻርጅ አድርጊልኝ ብሎ ሲሰጠኝ ሁልጊዜ አያታለሁ። የእሱም ቤት ይቀርጻል?» አልኳት።

ልጇ ትልቅ ሰው ነው፤ ዳህራን ዩኒቨርሲቲ የሚማር። ሳሎኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። ወለሉን አየ።

«እሱ ለጨዋታ ነው» አለች ማዳሜ።

«የእኔ ለልጅ ልጄ ነው።»

«የትኛዋ ልጅ? ድምፅ የማይወጣበት ምን ጥሪ አለ? ማፊ ከላም፣ ወሬ የለም! ከዛሬ ጀምሮ ኔት የለሽም። ከተናገርሽ ኹሩጅ አስመትቼ አገርሽ እልክሻለሁ።»

«አስመቺልኝ» አልኳት። «ግን መጀመሪያ ስሜን አጽጂልኝ። ገመና አውጪ ተብዬ አውሮፕላን አልሳፈርም።»

ከሳሎን አስወጡኝ። የቤቱ ኔት ከስልኬ ተቆረጠ። ልጅቷ ኮምቦልቻ ውስጥ ያን «አዎ» ይዛ ተቀምጣለች፤ እኔ ደማም፣ ጀለዊያ ሰፈር ሳህን አጥባለሁ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ይህ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እረፍቴ ነው። ኾበር ሴቶች ልብስ የሚያሰፉበት ቤት የምትሠራ የአገሬ ልጅ አለች፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ባሕሩ ዳር ሣሩ ላይ ተገናኘን። ከሩቁ ስታየኝ ጀመረች።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የከሰል ጆንያ የመሰለው?»

«ቤት ትቀርጻለች ተብዬ።»

«አንቺ? የራስሽን ፎቶ ስታነሺ እንኳ ግማሽ ጭንቅላት የሚወጣልሽ?»

ሳልፈልግ አሳቀችኝ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ ከእሷ ኔት አገናኘችኝ። «መጀመሪያ ችግሩ የማን እንደሆነ እንወቅ፤ የኮምቦልቻ ነው ወይስ የአንቺ» አለች። ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን እኔ ወደ እሷ ስልክ ደወልኩ። «በይ አጨብጭቢ» አለችኝ። አጨበጨብኩ። እጆቼ ተገናኝተው፣ ተለያይተው፣ ጭኔ ላይ አርፈው ካበቁ በኋላ ስልኳ ላይ ያለችው እኔ ማጨብጨብ ጀመረች።

«ያ አላህ! እዚህ አጠገቤ ተቀምጠሽ እንዲህ ከዘገየ ኮምቦልቻ ምን አጠፋች?»

ቪፒኤኑን ከፈትን። ሁለታችንም እንግሊዝኛው ላይ ስናፈጥ ቆየንና አንድ ነገር ታሰበኝ። በልጅነቴ ቁርአን ቀርቻለሁ። የብዙውን ቃል ትርጉም ባላውቅም የዐረብኛውን ፊደል እየለቀምኩ ድምፁን አወጣለሁ። «ይህን ነገር ዐረብኛ ማድረግ አይቻልም?» አልኳት። ስትነካካ ቆይታ የቋንቋውን ቦታ አገኘችው። ዝርዝሩ ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ ተገለበጠ። መነጽሬን አደረግሁና ከእኛ ባንዲራ አጠገብ ያለውን ልክ ኡስታዛችን ፊት እንደተቀመጥኩ ለቀምኩ።

«ባ... ዋው... ቡ። ላም፣ ያ... ሊ። ፋ... ቡሊፊያ።»

«ማነው ቡሊፊያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ኢትዮጵያ አይልም።»

ስልኳን ጠየቀች። ካርታው መጣ። አፏን በእጇ ይዛ ሣሩ ላይ ተንጋለለች። «እትዬ! ደቡብ አሜሪካ ነው! ልጅቷን ምሳ በላሁ ለማለት ደቡብ አሜሪካ ደርሰሽ ነው የምትመለሺው!»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ባንዲራው የእኛ አይደለም እንዴ?»

«የተገለበጠ ባንዲራ አይተሽ...» ብላ ሳትጨርስ ቀና አለች። የራሷን ስልክ አየች። ባንዲራው ያው ነው።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔም... ስልኩ የገለበጠው መስሎኝ።»

አሁን ተራው የእኔ ሆነ። እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅሁት። ወዲያው በአገራችን ሴቶች የስልክ ግሩፕ ላይ «የተገለበጠውን ባንዲራ የመረጣችሁ እጅ አውጡ» ብላ በድምፅ ላከች። መልሱ ሲጎርፍ ማየት ነበር። ጁቤይል ያለችው፣ ሻጢእ ያለችው፣ ሌላዋም። አንዷማ «እኔ አገሬን አልቀይርም» ብላ ተቆጣች። የደማምና የኾበር ሐበሻ ሴት ናፍቆቷን በቦሊቪያ በኩል ስትልክ ከርማለች።

«ታዲያ ኢትዮጵያን እንፈልግ» አልኩ። የለችም። ጓደኛዬ እንደገባት አስረዳችኝ፤ የሚመረጠው የምትደውይላት ሰው አገር ሳይሆን ጥሪው የሚያልፍበት ነው፤ ስለዚህ ቅርብ የሆነውን መያዝ ነው። እንደገና ዝርዝሩን ወረድኩ። አንዱን ቃል መልቀም እንኳ አላስፈለገኝም፤ ከሱረቱ ራሕማን አውቀዋለሁ። «አል ባሕረይን።»

ጓደኛዬ ቀና ብላ በባሕሩ ማዶ በእጇ አሳየችኝ። አየሩ ጉም ነበረው እንጂ ወደ ባሕሬን የሚያሻግረው ድልድይ በዚያ በኩል ነው፤ ሰው ዓርብ ዓርብ በመኪና ሄዶ የሚመለስባት አገር።

ነካሁት። አጨበጨብኩ። ስልኳ ላይ ያለችው ሴት አብራኝ አጨበጨበች ማለት ይቻላል። እዚያ አላቆምንም። «ፕሮቶኮል» የሚል ነገር አለ፤ ጥሪውን የሚሸፍንበት ዓይነት ማለት ነው፤ የተለያየ ምርጫ አለው። ስሞቹ ለሁለታችንም ምንም አይነግሩንም። አንዱን እንመርጣለን፣ አጨበጭባለሁ፤ ሌላውን እንመርጣለን፣ አጨበጭባለሁ። አላፊው ሁሉ ያየናል፤ አንዲት ሕፃን መጥታ አብራኝ ታጨበጭብ ጀመር። ከሁሉ የፈጠነውን ያዝን። ደግሞ የኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ቀን የማይበት ነገር ቪፒኤን ሲበራ አልከፈት ስለሚል፣ የምስል ጥሪው ብቻ በቪፒኤን እንዲያልፍ ሌላው በራሱ መንገድ እንዲሄድ የምታደርጊበት ቦታ አገኘችልኝ። ኔት ሲቀየር ራሱ እንዲያያዝም አደረገችው። «አሁን መሐንዲስ ሆነሻል» አለችኝ። «አሁን ልጄን አገናኚኝ» አልኳት።

ልጄ አነሳች። «አትመጣም እናቴ። አልጋው ሥር ገብታለች።»

«ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፊውና ውጪ። አታስገድጃት።»

ባዶ ክፍል ታየኝ፤ አልጋ፣ ሻንጣ። እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ባሕሩን አየሁ። ለካ ባሕሩ ከኋላዬ ይታያል። ልጅቷ ባሕር አይታ አታውቅም። ቆይቶ ከአልጋው ሥር ጸጉሯ ወጣ፣ ከዚያ ግንባሯ፣ ከዚያ ዓይኗ። አየችኝ። አልተነቃነቅሁም። አንድ እጇን አነሳች። አነሳሁ። ጣለችው። ጣልኩት። ቶሎ ብላ ጆሮዋን ያዘች፤ እኔም ያዝኩ። ተጠግታ መጣች። ሁለት ጣቷን አገጯ ሥር አደረገች።

«ዓይንሽ ዘግይቶ ነበር» አለችኝ በእጇ። «አርጅተሽ መሰለኝ።»

«አላረጀሁም። መንገዱ ነው የዞረው» አልኳት። በጣቴ ከባሕሩ አንስቼ ዓለምን በሙሉ ዞሬ አሳየኋት። ከዚያ «አዎ» ወዲህ የሳቀችበት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ከዚያ ያንን ጥያቄ ራሷ ደገመችው። ሻንጣውን ጠቆመች፣ ራሷን ጠቆመች፣ ወደ ውጭ ወረወረች። ጥያቄዋን አላስጨረስኳትም፤ በሁለት እጄ፣ በጭንቅላቴ፣ በመላ ሰውነቴ «አይደለም» አልኳት። «የዚያን ቀን አዎ ያልኩሽ ለምሳው ነው።» ስለ ትምህርት ቤቱ ነገርኳት። ብዙ ልጆች፣ ሁሉም በእጅ የሚያወሩ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

አሰበች። «ታዲያ ስጮህባቸው ማን ይሰማኛል?»

«ማንም። እንደፈለግሽ ጩሂ።»

ይህን ወደደችው። እናቷ ስትገባ ሻንጣውን ራሷ ስትዘጋ አገኘቻት።

ቤት ተመለስኩና ለማዳሜ አንድ ነገር ለመንኳት። «ለአንድ ጥሪ ብቻ ኔቱን ክፈቺልኝ። አጠገቤ ተቀመጪና የማደርገውን እዪ።» እምቢ አለች። በነጋታው ጠየቅኳት፤ እምቢ። በሦስተኛው ጊዜ ልጇ ወጥ ቤት ገብቶ ውኃ ሲጠጣ ሰማና «ያማ፣ ቪፒኤኗ የእኔ ዓይነት ነው። ምንም የለበትም» አላት።

«ዓርብ ዕለት ምላስህ የት ነበር ያ ወለዲ?» አልኩት።

«ያ ኻላ፣ ፈርቼ ነው» አለ። እየሳቀ ነው፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

ማዳሜ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ስልኩን የስኳሩ ቆርቆሮ ላይ አስደግፌ ደወልኩ። ልጅቷ መጣች። ማዳሜን አየች። ዓይኗ ፈጠጠ፤ ወዲያው አንድ እጇን በሌላው ክንዷ ላይ ወደ ላይ ገፋች።

«ምን አለች?» አለች ማዳሜ።

«ይቺ ማዳም ናት ወይ አለች።»

«በምን አወቀችኝ?»

እውነቱን ነገርኳት። ማዳሜ ወደ እጇ አየች። አምባሮቿ ክርኗ ጋ ነበሩ። ሳቅ አመለጣት፤ ከዚያም መዳፏን አንስታ ለልጅቷ ሰላም አለች። ልጅቷ ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ ሻንጣዋ ስታወራ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች፤ እኔ እየተረጎምኩላት። ስትነሳ ልጇን ጠርታ ኔቱን አስከፈተችልኝ።

«ኸላስ፣ አበቃ» አለችኝ። «ከእንግዲህ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

«ኔቱን ለልጅቷ ተቀብያለሁ፤ አላህ ይስጥሽ። ግን ኸላስ አይደለም ማዳም።»

«ደግሞ ምን ቀረ?»

«እህቶችሽ ዛሬም ቤት ትቀርጻለች እንዳሉ ናቸው። የተናገርሽው በእነሱ ፊት ነው። በእነሱ ፊት አንሺልኝ።»

«ለሠራተኛ? በእህቶቼ ፊት?» አምባሮቹ ወደ ላይ ሄዱ።

«ስታዋርጂኝ ሠራተኛ ነሽ ብለሽ ለብቻ አላደረግሽውም።»

ለብዙ ቀን አላነጋገረችኝም። እኔም ሥራዬን ሠራሁ፤ አላጓደልኩም፤ አላኮረፍኩም። ዓርብ በመጣ ቁጥር ግን ትሪውን አስቀምጬ ትንሽ እቆማለሁ፤ ዓይኗን አያለሁ። እሷ ወደ ሌላ ታያለች። እወጣለሁ። በሌላው ዓርብ እንደገና እቆማለሁ። ልጅቷ በዚህ መካከል ደሴ ገባች። በዘመዶቿ ስልክ ትደውልልኛለች፤ አሁን እጇ ፈጥኖ እኔ ነኝ የምዘገየው፤ ከትምህርት ቤት አዲስ አዲስ ቃል እያመጣች ታስተምረኛለች። በደስታ ወጥ ቤት ሆኜ ብቻዬን እስቃለሁ። ያ ያልተነሳው ቃል ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ነው።

አንድ ዓርብ እህቶቿ እንደ ወትሮው ተሰብስበዋል። ሰላጣውን አስገባሁ። ያቺ ስልኬን ያገላበጠችው እህት ዓባያዋን ሰብሰብ አድርጋ «ኧረ ተጠንቀቁ፣ ካሜራዋ መጣች!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ አልወጣሁምም። ትሪውን እንደያዝኩ ማዳሜን አየኋት።

«ማዳም፣ ጠይቄሽ ነበር» አልኩ። «ያየሽውን ንገሪያቸው።»

በዚያች ቅጽበት ኹሩጄን የምታስመታ መሰለኝ፤ ሻንጣዬንም በልቤ አጣጠፍኩ። ማዳሜ ወደ እህቷ ዞረች።

«ካሜራ አትበያት» አለች። «አብሬያት ተቀምጬ በዓይኔ አይቻለሁ። የማትሰማ የልጅ ልጅ አለቻት፤ በእጇ ነው የምታዋራት። ቤቴን ለማንም አላሳየችም። ያን ቀን ያልኩት ትክክል አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሁላችሁም ስሙ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በይ አሁን ሩዙን አምጪ፣ ቀዘቀዘ።»